በሁዳዴ አይብ ፍለጋ

እኔ ችኩል ነኝ። ሰው አሳስቶኝ ነው፣ ቀን ጥሎኝ ነው የምለው ነገር የለኝም። ያን ዓመት በመጋቢት፣ በሁዳዴ ጾም መካከል፣ ጎንደርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይብ ፍለጋ ስዞር የዋልሁት በገዛ ችኮላዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔማ ያፈሰስሁትን መልቀም እንኳ አልሆነልኝም።

መተማ ዮሐንስ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። ጊዜው የደርግ ነው፤ አስተማሪ እዚህ ቦታ ተመድበሃል ከተባለ ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል እንጂ ለምን አይልም። ባሌ የትራክተር መካኒክ ነው። ከኮኪት እስከ አብደራፊ ትራክተር በቆመ ቁጥር ይጠሩታል፤ ወር ሙሉ እርሻ ውስጥ ከርሞ የተቃጠለ ዘይት እየሸተተ ይመጣል። እሱ ቆላውን ይወደዋል። እኔ ግን ከመጣሁባት ቀን ጀምሮ መቀመጫዋ ሥር እሳት እንዳለባት ሴት ነበርሁ። ሙቀቱን እንኳ እንደምንም ለመድሁት። ያልለመድሁት ወባዋን ነው።

በመጀመሪያው እርግዝናዬ ስድስት ወር ሲሞላኝ፣ ጥቅምት ላይ፣ የሰሊጥ አጫጆች ከደጋ በሚጎርፉበት ሰሞን ያዘችኝ። ሦስት ቀን አንቀጠቀጠችኝ፤ በአራተኛው ቀን ልጄን ይዛው ሄደች። ወንድ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ ካረገዝሽ ክረምቱ እዚህ እንዳያገኝሽ። ደጋ ውጭና ውለጂ። የአሁኑ ነፍስሽን ትቶልሻል፤ የሚቀጥለውን እኔ አላውቅም» አሉኝ።

እንግዲህ በዚያ መጋቢት ሁለተኛውን አርግዤ አምስት ወር ሆኖኛል። ሰኔ ከገባ መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል፤ ከገንዳ ውሃ ወዲህ መኪና የሚባል አይታይም። መውለጃዬ ደግሞ ሐምሌ ነው። ዝም ብዬ ብሄድ ደመወዜ ይቆማል፤ ያለ ይለፍ ወረቀትም ኬላ አያሳልፍም። ከሰኔ በፊት በዝውውር ካልወጣሁ አልወጣሁም ማለት ነው። ቀን እቆጥራለሁ፤ አልጋዬ ላይ እገላበጣለሁ፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ልጆቹ ፊት እቆምና ምን ልጽፍ እንደ ነበር ይጠፋኛል።

የዝውውር ማመልከቻ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የአየሩ ጠባይ ስላልተስማማኝ» ብዬ ነው የጻፍሁት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። እርጉዝ ነኝ ብዬማ እንዴት ልጻፍ? እኛ ዘንድ ጽንስ አይወራም። ዓይን አለ፤ ክፉ አፍ አለ። በዚያ ላይ አንዴ የጨነገፈባት ሴት ሁለተኛውን በወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ ለማታውቃቸው ወንዶች ትበትናለች? ኧረ ወዲያ! ከእግዜርና ከባሌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሆዴን በሰፊ ቀሚስና በነጠላ ሸፍኜ ነበር የምሄደው።

ታዲያ አይቡ ከየት መጣ? በጥር ወር ከጎንደር አንድ ሹም ለጉብኝት መጣ። ዝውውር የሚፈርመው እሱ ነው። ቡልጋርያ አራት ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ ስብሰባ ላይ ጾምና ታቦት ሠራተኛውን ከሥራ እንደሚያዘናጉት አንድ ሰዓት የሚናገር፣ ቀጭን መነጽራም ሰው ነበር። ርእሰ መምህራችን ቤት ምሳ ተጋበዘ። ፍየል ታርዶለታል፤ የዶሮ ወጥ ተሠርቶለታል። የሱ ዓይን ግን ያረፈው ዳቦው አጠገብ በትንሽ ሳህን በቀረበው የሱዳን አይብ ላይ ነው። ሱዳኖቹ ጅብና ይሉታል፤ ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ጨው የበዛበት፣ እንደ ዳቦ በቢላ የሚቆረጥ ነው። ሰውዬው አንዲት ቁራጭ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«ሶፊያ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የምበላው ይኼን ነበር» አለ። «ጎንደርን በሙሉ አስፈልጌ አጣሁት።»

ሳህኑን ብቻውን ጨረሰው። ፍየሉን አልነካውም። እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜ አየው ነበር። ነገሩን በልቤ ያዝሁት።

መጋቢት ሲገባ ለባሌ ነገርሁት። «አንድ ቆርቆሮ አይብ ይዤለት ልሄድ ነው።»

«እጅ መንሻ?» አለ። «ሰውዬው ጓድ አይደለም እንዴ? በአይብ ትታሰሪያለሽ።»

«በአይብ የታሰረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ደግሞም እኮ ሁዳዴ ነው።»

«እሱ ምን ሁዳዴ አለው! ቡልጋርያ ዓርብ ረቡዕ የበላውን እግዜር ይቁጠርለት።»

ባሌ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አልተስማማም ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ዝምታን እሺ ነው ብሎ መውሰድ ይቀናኛል። ሦስት ጊዜ በወረቀት ደጅ ጠንቼ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ባዶ እጄን አራተኛ ብሄድ ማን ያየኛል?

አይቡን ከጋላባት በገበያ ቀን ከሚሻገር ሱዳናዊ ነጋዴ ገዛሁ። ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቆርቆሮው የዘይት ቆርቆሮ ያህላል፤ አፉ በእርሳስ ተበይዷል። «ይቆያል ወይ?» አልሁት። «ዓመት!» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው፣ አንድ ጣቱን ቀስሮ። «ዓመት ይቀመጣል!» ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ልሄድ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ባሌ ቆርቆሮውን በመሮ ከፈተልኝ። ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ነገር ምን እንደሚመስል ሳላይ ልወስድ ነው እንዴ? ጎንበስ ብዬ ሳይ ደነገጥሁ። አይቡ እስከ አፉ ድረስ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል። አጓት! እኔ የደንቢያ ልጅ ነኝ። እኛ አገር አይብ ከአጓቱ ካልተጠለለ አይብ አይባልም። አጓት የጥጃና የውሻ ነው። እንግዳ ፊት አጓት የቋጠረ አይብ ያቀረበች ሴት ስሟ ለጎረቤት ሁሉ ወሬ ይሆናል። ዝውውሬን ለሚፈርም ሰው ከነአጓቱ ልሰጠው? አዋርደሽኝ መጣሽ ቢለኝስ?

ደፋሁት። ጠብታ ሳላስቀር ነው የደፋሁት። ከዚያ አይቡን በጉድጓድ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ በንጹሕ ጨርቅ አደራረቅሁት፤ ቆርቆሮውንም አጥቤ አይቡን መልሼ ደረደርሁበትና አፉን በጨርቅ አሰርሁት። ባሌ ቆሞ ያያል።

«ነጋዴው እንዲያ አላደረገውም እኮ» አለ።

«ነጋዴው ወንድ ነው። ወንድ ስለ አይብ ምን ያውቃል?»

ደግሞ ኮራሁ። እጄን አበስሁና፣ እንደዚህ ነው የሰው ልጅ አይብ የሚይዘው አልሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ሰሊጥ በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርሁ። ቆርቆሮውን እግሬ ሥር አደረግሁት፤ እግሬ ሥር ደግሞ ሞተሩ ነው፤ ወለሉ ጫማዬን ሊያቀልጠው ይደርሳል። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። አይከል አደርን። በነጋታው መንገድ ስንጀምር አንድ ነገር ይሸተኛል። የሾፌሩ ካልሲ ነው ብዬ ተቀየምሁት፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። እሱም ለካ በኔ ተቀይሞ ኖሯል። አዘዞ ኬላ ልንደርስ ስንል አልቻለም መሰለኝ፣ «እቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያች ቆርቆሮ ምንድን ነው የያዘችው?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ኬላው ደረሰ። ፈታሹ ወደ እግሬ ሥር ጠቆመ።

«ክፈችው።»

ጨርቁን ፈታሁት። ፈታሹ አፍንጫውን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምንድን ነው የሞተው?»

«አይብ ነው።»

«በሁዳዴ?» አለ፤ ከሽታው ይልቅ ይኼኛው የባሰበት ይመስል። «ለማን ነው?»

የሹሙ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መልሼ ዋጥሁት። «ለበሽተኛ» አልሁ።

«አይዞሽ፣ ይኼን ከበላማ ይገላገላል።»

ከጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሁሉ ሳቁ። ሾፌሩም ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ያለኝ ተስፋ ያ ቆርቆሮ ነበር።

ጎንደር ገብቼ የያዝሁት አልቤርጎ ጓሮ ውስጥ በብርሃን አየሁት። ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ ዳር ዳሩ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። የግቢው ውሻ መጣ፤ አሸተተውና ትቶት ሄደ። አጓቱን ለውሻ ነው ብዬ የደፋሁት ሴትዮ አይቡን ራሱን ውሻ ናቀብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ!

በዚያኑ ዕለት ቢሮው ሳይዘጋ ሮጬ ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ነገ ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ያነጋግራሉ» አለኝ። «ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ለስብሰባ ይሄዳሉ። የሚመለሱት ከፋሲካ ወዲያ ነው።» እኔ ፈቃዴ ዓርብ ያልቃል። ስለዚህ ያለኝ የሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። ጎንደርን የሚያህል ከተማ፣ ነገሥታት የኖሩበት፣ ጣልያን የኖረበት፣ አንዲት ራት የሚሆን አይብ ያጣል? እንደሱ ብዬ ነው የተነሣሁት።

መጀመሪያ ፒያሳ ወጣሁ። ጣልያን በሠራው ፎቅ ሥር አንድ አሮጌ ግሮሰሪ አለ። ባለቤቱ ጣልያን ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስ የቀሩት ለሱ ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ክብሪት፣ ሻማና የቲማቲም ድልህ ተደርድሯል።

«አባቴ፣ አይብ ይኖርዎታል? በቢላ የሚቆረጠውን፣ የፈረንጁን?»

«ፎርማጆ!» አሉና ፊታቸው በራ። ከባንኮኒው ሥር በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው ረጅም ቢላ አወጡ። «ይኸውልሽ ልጄ። የመኪና ጎማ የሚያህለውን በዚህ ነበር የምንቆርጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፍ ነበር፤ ፈረንጁም፣ መኳንንቱም። የሚበሉት ሄዱ፤ የሚያመጡትም ሄዱ። ቢላው ቀረ።»

«አሁን ምን ይቆርጡበታል?»

«የልብስ ሳሙና» አሉኝ። ቢላውን በመዳፋቸው ጠርገው መልሰው አኖሩት።

ከዚያ ወደ ሆቴሉ። ኮረብታ ላይ ነው፤ ቱሪስቶቹ የሚያርፉበት። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁ፤ ሆዴን በነጠላዬ ሥር ደግፌ። በጓሮ በር ገብቼ ወጥ ቤት ስደርስ ወፍራሙ ወጥ ሠሪ እንደ ሌባ አየኝ። ነገሬን ስነግረው ግን አዘነልኝ። ድሮ ከአሥመራ ይመጣላቸው ነበር፤ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። መሳቢያ ከፈተና በወረቀት የተጠቀለለ አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ነገር አሳየኝ።

«ፈረንጅ ሲመጣ ማካሮኒው ላይ እንደ ዝንጅብል እፍቅለታለሁ። እሱንም ከሁለት ጊዜ በላይ አልፍቅለትም» አለ። «አሽትቺው፣ አይከፈልበትም።»

አሸተትሁት። መልካም ነበር። ግን ሽታ ይዤ ሹም ፊት አልቀርብም። ቁልቁል ወረድሁ፤ ዳገት የወጣሁበትም ቁልቁለት የወረድሁበትም እልህ አንድ ነው። አራዳ ገበያ ገባሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ተልባ፤ የጾም ነገር ሁሉ ሞልቷል። ቅቤ ሻጮቹ መደብ ጋ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። «አይብ አላችሁ?» ስላቸው አንደኛዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? በሁዳዴ?» ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ስሚልኝ ይችን! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣችልሽ።»

ሳቁብኝ። «እሰይ፣ ሳቁ! እናንተ የምትስቁበት እኔ የማለቅስበት ነው!» ብዬ ጮህሁ። ገበያው ዞር ብሎ አየኝ። አፍሬ ልሄድ ስል ያች የሳቀችዋ ራሷ ቀሚሴን ያዘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዲስ ዓለም ውረጂ። እስላሞቹ ሰፈር። እነሱ ሁዳዴ የለባቸው፤ አይብ ካለ እነሱ ዘንድ ነው» አለችኝ። ምነው ይኼ ቀድሞ አልመጣልኝ! ግማሽ ቀኔን በከንቱ ጨርሻለሁ።

አዲስ ዓለም ውስጥ ጠይቄ የደረስሁባቸው ሴት ከናቴ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ወተት መለኪያ ጣሳ ተደፍቷል። «ግቢ ልጄ፣ ተቀመጭ፣ ላብሽን ተመልከችው» አሉና መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ገና አይብ የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ዓይናቸው ነጠላዬ ላይ አረፈ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አምስት» አልሁ። መናገሬን ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ? ወባዋን፣ የሞተውን ልጅ፣ ሹሙን፣ ቆርቆሮውን ሁሉን ዘረገፍሁት። አጓቱን ደፋሁት ስላቸው ጭናቸውን መቱ።

«ወይኔ ልጄ! አጓት አይደለም እኮ፤ የጨው ውሃ ነው። የሚያቆየው እሱ ነው። ዓሣን ከውሃ አውጥተሽ ይኑርልኝ ትያለሽ? እኔ ባሌ ነጋዴ ነበር፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ስድስት ዓመት ኖሬ ነው የመጣሁት፤ ራሴ እሠራዋለሁ።»

ከጓዳ ማሰሮ አመጡ። ክዳኑን ሲከፍቱት ነጩ አይብ በጠራ የጨው ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ጎኔ ላይ ተቀምጠው አንድ ትልቅ ቁራጭ አወጡ፤ ከዳር ገምሰው ከትኩስ ዳቦ ጋር ፊቴ አኖሩት።

«ብዪ።»

«ጾም ነው እትዬ።»

«ጾሙ ያንቺ ነው። የሆድሽስ ልጅ መቼ ክርስትና ተነሣ? ብዪ ነው የምልሽ!»

በላሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ፈትቼ አላውቅም። ጨዉ ምላሴን ነካው፤ ከዚያ ወተቱ መጣ፤ ምራቄ አፌን ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመስሁ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እያለቀስሁ በላሁ፤ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ። ከተማውን ሁሉ ዞሬ ለሌላ ሰው የፈለግሁትን እኔ ቀመስሁት። ሴትዮዋ የቀረውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ዛሬውኑ የምታደርሽው ከሆነ ይበቃል» አሉኝ። መረቁኝ። እጃቸውን ስሜ ሮጥሁ።

ቢሮው ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ የጋብቻ ቀለበት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ ምደባ የምትጠብቅ ናት። ጎኗ ስቀመጥ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ጥቅሉን ወደ ሌላኛው ጎኔ አዞርሁት።

«ይቅርታ እትዬ» አለች ቀላ ብላ። «ሰሞኑን ሽታ አይሆንልኝም።»

አየኋት፤ ገባኝ። ስንት ወርሽ ነው አላልኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ከመተማ አልኋት። ወዲያው ተራዬ ደረሰ።

ሹሙ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጥቅሉን ፊቱ አኖርሁና፣ «ጓድ፣ ጥር ላይ መተማ ሲመጡ የወደዱት አይብ ነው» አልሁ። ብድግ አለ። ሄዶ በሩ መዘጋቱን አየ። ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴትዮ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ድምፄን ዝቅ ማድረጉን ረሳሁ። «ይጾማሉ እንዴ?»

«ቀስ በይ!» አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ወደዚያ አርጊልኝ፣ ሽታው ያስጎመጃል።»

ጥቅሉን ነጠላዬ ሥር መለስሁት። ሰውዬው መሳቢያ ስቦ ወረቀቶቼን አወጣ። «ሦስት ማመልከቻ፤ ሦስቱም የአየር ጠባይ። ይኼ መሳቢያ ሙሉውን የአየር ጠባይ ነው። ከመተማ ድረስ አይብ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አየር ብቻ አይደለም ያስቸገረው። እውነቱ ምንድን ነው?»

ጠዋት አፌ ተፈትቷል። ነገርሁት። የሞተውን ነገርሁት፤ አሁን ያለውን ነገርሁት፤ ሰኔን ነገርሁት።

«ይኼን ጽፈሽ ቢሆን በመጀመሪያው እፈርምልሽ ነበር» አለ። «ለምን አልጻፍሽም?»

«ጓድ፣ እርስዎስ መጾምዎን ጽፈዋል?»

ፈገግ አለ። ሌላ ዝርዝር አወጣና በጣቱ እየወረደ፣ «ምትክ ካለ ነው የምለቅሽ። አንዲት አለች» አለ። ፈረመ። ከፋሲካ በኋላ ጎንደር። ምትክ የሚለውን ቃል ሰምቻለሁ። ሰው መሆኑን ግን አላሰብሁም፤ ጆሮዬ ጎንደር ከሚለው ወዲያ አልሄደም።

ታይፒስቷ ደብዳቤዬን መታ ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማኅተሙን ዳግመኛ ዳግመኛ አያለሁ። በዚህ መካከል ያች ልጅ ተጠርታ ገብታ ወጣች። በእጇ ወረቀት ይዛለች።

«እትዬ! መተማ ደረሰኝ!» አለችኝ። «ከዚያ ነኝ አላሉኝም? አገሩ እንዴት ነው?»

አንድ እጇ ወረቀቱን ይዟል። ሁለተኛው ነጠላዋ ሥር ሆዷ ላይ ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ እጄን የማሳርፈው እዚያው ላይ ነው። የሹሙ በር ገርበብ ብሏል፤ ሲስል ይሰማል። ግቢና ንገሪው ማለት ነበረብኝ። ይኸው ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቃል አያስፈልግም ነበር። ግን እሷ ገብታ ከነገረችው እኔ ምትክ የለኝም። ምትክ ከሌለኝ ደብዳቤዬ ወደዚያ መሳቢያ ይመለሳል፤ ሰኔም ይገባል።

«አገሩ ደህና ነው» አልኋት። «ሙቀቱ ይለመዳል። አጎበር ግን ይዘሽ ሂጂ፤ እንዳትረሺ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ።

ወጣሁ። ደረጃውን በሩጫ ነው የወረድሁት፤ ትጠራኛለች ብዬ ፈርቼ።

ልጄ በሐምሌ ጎንደር ተወለደች፤ በጤና፣ በጩኸት። ባሌ እርሻ ላይ የጀመረውን ጨርሶ ኅዳር ላይ መጣልን። ልጅቱን አቅፎ፣ የእግሯን ጣቶች እየቆጠረ፣ እየሳቀ ዋለ። ማታ ራት ከበላን በኋላ፣ «ያች ባንቺ ምትክ የመጣችው አስተማሪ...» ብሎ ጀመረ።

እያጠባሁ ነበር። «ተወው» አልሁት።

ተወው። ልጄ አሁን የልጆች እናት ናት። እሱ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።